የሃያ አራት ብሎኖች ምስክር

ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ነበር፤ ሰማዩ ጠቁሮ፣ ሳይጠነክርም ሳያባራም የሚወርደው ዝናብ የምርምር ማዕከሉን የመስታወት ግድግዳ ያጥብ ነበር።

መሐንዲሷ በቢሮዋ መስኮት ቆማ ዳይሬክተሩ ከመኪናቸው ሲወርዱ ታያለች። ሾፌሩ ጃንጥላ ዘርግቶላቸው እርሱ ራሱ ይበሰብሳል። ሰውየው ከሃያ ዓመት ወዲህ አንድም ቀመር በእጃቸው ጽፈው አያውቁም፤ ስማቸው ግን ከማዕከሉ በሚወጣ ጽሑፍ ሁሉ ላይ ከደከሙበት ሰዎች ስም ቀድሞ ይቀመጣል። የመጀመሪያዋ ሳተላይት ስትመጥቅ የሠራተኞቹ ስም በተቀረጸባት ትንሽ የብረት ሰሌዳ ላይ ፎቶግራፋቸው እንዲጨመር አዝዘው ነበር። «ሰውየው ወደ ጠፈር የላኩት ነገር ቢኖር ፊታቸውን ነው» ትል ነበር መሐንዲሷ። ሰዎች ይስቁላታል። መናቅ ታውቅበታለች። ለአሥራ ሁለት ዓመት በዚህ ቤት ስትሠራና ስታስተምር ከቀመሩ እኩል የተካነችው እርሱን ነው።

አራት ሰዓት ላይ አምስት ሰዎች ያሉበት መርማሪ ጉባኤ ይሰየማል። ምክንያቱን ማዕከሉ በሙሉ ያውቀዋል። የአዲሷን ሳተላይት የፀሐይ ክንፍ የነደፈችው እርሷ ናት። ከሁለት ሳምንት በፊት ክንፉ በንዝረት ጠረጴዛ ላይ ታስሮ ሮኬት እንደሚያናውጠው ሲናወጥ፣ በአራተኛው ደቂቃ የአንዱ ብሎን ራስ ተቀንጥሶ ከግድግዳው ጋር ተላተመ፤ ክንፉም እንደ ተመታ ወፍ አንድ ጎኑ ተንጠለጠለ። ሪፖርቱንም የጻፈችው እርሷ ናት፦ «ባለሙያው ብሎኖቹን ከተፈቀደው በላይ አጥብቋል። በእጁ የመዘገባቸው ቁጥሮች እምነት የሚጣልባቸው አይደሉም።»

ይህ «ባለሙያ» የተባለው ሰው እስከ ዛሬ አምስት ሳምንት ድረስ እጮኛዋ ሊሆን የቀረበ፣ ብረት እየፋቀ የሚቀርጽ ማሽኒስት ነው። በማዕከሉ ሁሉም ሚሊ ይለዋል፤ አንድ ሚሊሜትር ለእርሱ ሰፊ አውራ ጎዳና ስለሆነች።

በዚህ ቤት አንድ ልማድ አለ። ብሎን በልኩ ከጠበቀ በኋላ፣ ያጠበቀው ሰው ከብሎኑ ራስ አንሥቶ እስከ ተቀመጠበት ብረት ድረስ በቀጭን ብሩሽ አንድ መስመር ያሰምራል። ብሎኑ የጸጉር ያህል ቢዞር መስመሩ ይቆረጣል። ምስክር ይሉታል። እያንዳንዱ ባለሙያ የራሱ ቀለም አለው፤ የሚሊ ሰማያዊ ነው። ከዓመት በፊት የመነጽሯ ዘንግ ረግቦ ሲያስቸግራት፣ ተቀብሎ ሚጢጢዋን ብሎን አጠበቀላትና መስመር አሰመረባት።

«አሁን ሌላ ሰው ቢነካካሽ አውቃለሁ» አላት።

«ቀናተኛ!»

«የለም፣ ጥንቁቅ።»

ከዚያ ወዲያ ዓለምን ስታይ በዓይኗ ጥግ ሁልጊዜ አንዲት ሰማያዊ ጭረት ነበረች።

የተበላሸው በእሑድ ምሳ ነው። እናቷ የዳኛ ሚስት፣ የዳኛ ልጅ ናቸው፤ ሰውን የሚመዝኑት በአያቱ ነው። የሚሊን እጆች አዩ። ቢታጠቡም በጣቶቹ እጥፋት ውስጥ ጥቁር ክር የቀረባቸው እጆች ናቸው። ከዚያ በለስላሳ ድምፅ፦ «ልጄ፣ አንተስ ትምህርትህን የጨረስከው የት ነው?» አሉት። ሚሊ አፉን ሳይከፍት መሐንዲሷ ቀደመችው፦ «በሥራ ያግዘኛል፣ እማዬ።»

ሚሊ የአፍ መጥረጊያውን አራት ቦታ፣ እኩል አጥፎ አስቀመጠ። «ስለ ምሳው አመሰግናለሁ፣ እማማ» ብሎ ተነሣ። በሩ ገና ሳይዘጋ እናቷ «ለብረት ፋቂ ሥርዓት አለው» አሉ። መሐንዲሷ በእናቷ አልተናደደችም። የተናደደችው በእርሱ ነው፤ ማን ኩራት አስተማረው? የዚያን ዕለት ከሰዓት በኋላ የመነጽሯን ሰማያዊ መስመር በጥፍሯ ፍቃ አጠፋችው።

ከሳምንት በኋላ ነጭ ፖስታ መጣላት። በእርሱ እጅ ጽሕፈት ስሟ አለበት። ልመና ነው አለች በልቧ፤ ይቅርታ፣ እንባ፣ ናፍቆት፣ ወንድ ልጅ ሲወድቅ የሚጽፈው ሁሉ። ሳትከፍተው መሳቢያዋ ውስጥ ወረወረችው። አለመክፈቷ ደስ አላት።

በሩ ሳይንኳኳ ተከፈተ። የግምጃ ቤቱ ኃላፊ፣ ሁሉም እትዬ የሚሏቸው ሴት፣ የሚንጠባጠብ ጃንጥላቸውን ምንጣፉ ላይ አቁመው ገቡ።

«ፈርሚልኝ።»

«ምንድን ነው፣ እትዬ?»

«የተሰበረችው ብሎን። ለዳኞቹ ላስረክባት ነው። አንቺ ካልፈረምሽ ከሣጥኗ ንቅንቅ አትልም፤ ከሰው ይልቅ እርሷ ሕግ አላት።»

ፈረመች። እትዬ አልሄዱም።

«እኔ የምልሽ፣ ስለ ግራሶው የጻፈልሽን ለዳኞቹ ሰጠሽላቸው?»

«የቱን ግራሶ?»

«አሁን ይኼ ይጠየቃል! በነጭ ፖስታ፣ በእኔ እጅ የላከልሽን ነዋ። እኔ ጠረጴዛ ላይ ነው ቁጭ ብሎ የጻፈው። ‹አንተ ሰው፣ የሥራ ጥያቄ በቅጽ ነው የሚጠየቀው፣ የምን ፖስታ ነው?› ብለው፣ ‹እትዬ፣ ሹመቷ ሊታይ ነው፤ ስሟ በስሕተት ቅጽ ላይ እንዲነሣ አልፈልግም› አለኝ። ጅል! ጅል ብለው ደግሞ ሳቀ።» ትክ ብለው አዩዋት። «አላነበብሽውም እንዴ?»

«አንብቤዋለሁ።»

«እንግዲያው ደኅና» አሉ እትዬ፤ ዝጎ የተመለሰ ዕቃ ሲረከቡ በሚያዩት ዓይን አይተዋት ወጡ።

መሳቢያውን ሳበች። ፖስታውን ቀደደችው።

«በንድፍሽ ሉህ ሰባት ላይ ያለው የማጥበቂያ ቁጥር ለደረቅ ብሎን የተሰላ ይመስለኛል። ባለፈው ወር ግን ብሎኖቹ በግራሶ እንዲገቡ አዝዘሻል። ግራሶ ካለ፣ በዚሁ ቁጥር ካጠበቅኋቸው ከሚችሉት በላይ ይወጠራሉ። ከተሳሳትሁ ንገሪኝ። ካልተሳሳትሁ ቁጥሩን አንቺ ለውጪው። እስክትመልሽልኝ አልነካቸውም። ስለ እሑዱ ምሳ የምለው የለኝም።»

አንድ የናፍቆት ቃል አልነበረበትም። ልመናም የለበትም። በፖስታው ጀርባ ላይ እርሳስ አንሥታ አሰላች። ደረቅ ብሎን ከሚያጠብቀው ሰው ጉልበት አብዛኛውን በመፋተግ ይበላዋል፤ ግራሶ መፋተጉን ሲያስቀር የተረፈው ጉልበት ብሎኑን ይስበዋል። አንድ ተኩል እጥፍ። ደግማ አሰላች፤ አንድ ተኩል እጥፍ። ይህን በየዓመቱ ለተማሪዎች በሁለተኛው ሳምንት ታስተምረዋለች። ራሷ በጻፈችው መጽሐፍ፣ በሦስተኛው ምዕራፍ ላይ አለ።

ከዚያም ያች ቀን መጣችባት፤ ደብዳቤው በደረሳት ማግሥት፣ ሳተላይቷ ወደምትገጣጠምበት፣ አቧራ ወደማይገባበት ንጹሑ ክፍል የገባችባት። ሁሉም ነጭ ጋዋን ለብሶ፣ አፉን ሸፍኖ፣ ከሰው የሚታየው ዓይን ብቻ ነበር። ሚሊ የብሎን ቁልፉን በእጁ ይዞ ቀና ብሎ አያት።

«ደብዳቤዬን አነበብሽው?»

«አንብቤዋለሁ።»

«ስለዚህ በሉሁ ላይ ባለው ቁጥር ልቀጥል?»

«በተጻፈው ቀጥል። ስንት ጊዜ ነው የሚነገርህ?»

ከጭምብሉ በላይ ያሉት ዓይኖቹ ጥቂት ቆዩባት፤ ከዚያም ወደ ብሎኑ ዝቅ አሉ። አመናት። አሁን መስኮቱ አጠገብ ቆማ ከሁሉ ያሳፈራት ይህ ነበር፤ የናቀችው ሰው እርሷን ማመኑ።

*

ሚሊ ከጉባኤው አዳራሽ ውጪ፣ ከዳይሬክተሩ ትልቅ ሥዕል ሥር ባለው አግዳሚ ላይ ተቀምጧል። ኮቱ ተተኩሷል። እጆቹን ጉልበቶቹ ላይ ዘርግቷቸዋል፤ የሚደብቃቸው ነገር እንደሌለው ሰው።

«ሚሊ፣ ደብዳቤህን አነበብሁት። አሁን።»

የግድግዳውን ሰዓት አየ። «ምነው ቸኮሉ፣ ዶክተር? ገና አምስት ደቂቃ አለ።»

እርስዎ ማለቱ በጥፊ ከመመታት ባሰባት። ለዓመት ያህል አንቺ፣ አንቺዬ፣ አንቺ ሞኝ ሲላት ከርሟል።

«እርስዎ አትበለኝ።»

«ታዲያ ምን ልበልዎት? በሥራ የሚያግዝ ሰው አለቃውን ምን ብሎ ይጠራል?»

«ቁጥሩ የእኔ ስሕተት ነው። ይቅርታ አድርግልኝ፣ እኔ—»

«እዚህ አይሆንም።»

«ምኑ?»

«ይቅርታው። ሰው በሌለበት ኮሪደር፣ በሹክሹክታ አይሆንም። ውሸታም ያሉኝ በማኅተም ነው። የጻፍኋቸውን ቁጥሮች አንድ በአንድ፣ ሃያ አራቱንም፣ ውሸት ናቸው ብለው ፈርመዋል። እኔ ቁጥር ዋሽቼ አላውቅም፣ ዶክተር። ሌላ የምኮራበት ነገር የለኝም፤ አያት የለኝም፣ ዲግሪ የለኝም። ያለኝ እርሱ ነበር።»

ቀና ብሎ መነጽሯን አየ። ዓይኑ ዘንጉ ላይ፣ የጥፍር ጭረት ያለባት ብሎን ላይ አረፈ። ፊቱ ለቅጽበት የልጅ ፊት መሰለ።

«ፋቁት?»

እጇን ወደ መነጽሯ ዘንግ አነሣች።

«እኔ ደግሞ ብረት ፋቂው እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር» አለ ቀስ ብሎ።

ሰምቶ ነበር ማለት ነው፤ ያኔ፣ በሩ ገና ሳይዘጋ። መሐንዲሷ ከሥዕሉ ሥር ቆማ፣ የዳይሬክተሩ የተቀባ ፈገግታ ከላይ እያያት፣ ከሥዕሉም ከሥዕሉ ባለቤትም አንሳ ተሰማት።

*

አዳራሹ አዲስ የቆዳ ወንበሮች አሉት፤ በዚያው ዓመት ንጹሑ ክፍል የአየር ማጣሪያ ጠይቆ በጀት የለም ተብሏል። ከአምስቱ ዳኞች ሦስቱ ለዳይሬክተሩ ሲነቀንቁ አንገታቸው የተለማመደ ሰዎች ናቸው። አራተኛው ዳይሬክተሩ ራሳቸው ናቸው። አምስተኛው ብቻ፣ ከሌላ ቤት የተጋበዙ አዛውንት መሐንዲስ፣ የተሰበረችውን ብሎን ከሣጥኗ አውጥተው በማጉያ ያያሉ።

«ረጅም ጉዳይ አይደለም» አሉ ዳይሬክተሩ። «ሪፖርቱ ግልጽ ነው። ባለሙያው ይሰናበታል፤ የክንፉ ሥራ ይቀጥላል። ሰኞ ደግሞ፣ እግዚአብሔር ቢፈቅድ፣ ለዚህ ቤት አዲስ ፕሮፌሰር እናበስራለን።» ወደ እርሷ ፈገግ አሉ። «ልጄ፣ የምትጨምሪው አለ?»

ተነሣች። ለአሥራ ሁለት ዓመት የፈለገችው ወንበር ከጠረጴዛው ማዶ ነበር፤ እጅ ቢዘረጉ ይደረሳል።

«ሪፖርቱ ስሕተት ነው። ብሎኖቹ የጠበቁት በእኔ ቁጥር ልክ ነው። ቁጥሩን ያሰላሁት ለደረቅ ብሎን ሲሆን፣ በኋላ በግራሶ እንዲገቡ ሳዝዝ አላስተካከልሁትም። ባለሙያው አልተሳሳተም።»

ዳይሬክተሩ እንደ አባት ሳቁ።

«እንግዲህ ሁላችንም ሰዎች ነን። አንቺና ባለሙያው... ወሬው እዚህም ደርሷል። ልብሽ ቢራራ ማንም አይፈርድብሽም። ግን ለጓደኛ ተብሎ ቁጥር አይቀየርም፣ ልጄ።»

ከነቅናቂዎቹ አንዱ አፉን በመዳፉ ሸፍኖ ሳል አስመሰለ።

የጠበቀችው ብዙ ነገር ነበር፤ ይህን አልጠበቀችም። እውነቱን ስትናገር ፍቅር ነው አሏት። ውሸቱን ስትጽፍ ሙያ ብለውት ነበር።

አዛውንቱ ማጉያውን አስቀመጡ። «አንገቷ እንደ ሰም ተስቧል። ከመጠን በላይ ተወጥራለች። ነገር ግን ሰውየው ቢያበዛም፣ ቁጥሩ ቢበዛም የብሎኗ መልክ ይኸው ነው። ማስረጃ አለሽ?»

ነበራት። ኪሷ ውስጥ ነበር። ደብዳቤው እርሱን ነጻ ያወጣዋል፤ እርሷን ግን ራቁቷን ያቆማታል። ሚሊን አየችው። ወለሉን ያያል፤ አይረዳትም፤ አያደናቅፋትምም።

ፖስታውን ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። አዛውንቱ አነበቡ፤ ቀኑን በጣታቸው ተከተሉ።

«ይህ ከፈተናው ሁለት ሳምንት በፊት የተጻፈ ነው። መቼ ከፈትሽው?»

«ዛሬ ጠዋት። ከአንድ ሰዓት በፊት።»

«ሰውየው ሳይመለስልኝ አልነካም ብሏል። ታዲያ እንዴት ነካ?»

«አንብቤዋለሁ አልሁት። በተጻፈው ቀጥል አልሁት።»

«ሳታነቢ?»

«ሳላነብ።»

«ለምን?»

ዝናቡ መስታወቱን ይመታል። ሳል ያስመሰለው ሰው እጁን ከአፉ አንሥቷል።

«ስለናቅሁት» አለች። «ትልቁ ሰው ጠየቁኝና ልመልስ። ሥራ ስለበዛብኝ አይደለም፣ ስለረሳሁም አይደለም። ይለምነኛል ብዬ ነው። ከእኔ የሚፈልገው ልመና ብቻ ሊሆን ይችላል ብዬ ነው። ብሎን አያውቅም ብዬ አልነበረም፤ በዚህ ቤት ከእርሱ የተሻለ ብሎን የሚያውቅ እንደሌለ አውቅ ነበር። እያወቅሁ ናቅሁት።»

ዳይሬክተሩ እስክሪብቷቸውን ከደኑ። «ይህ የግል ጉዳይ ነው፤ በቃለ ጉባኤ አይጻፍም።»

«ይጻፍልኝ።» ድምፅዋ ተሰነጠቀ፤ ግን አልወረደም። «ሪፖርቱ የተጻፈበት ወረቀት ላይ፣ በዚያው ማኅተም። ሃያ አራቱም ቁጥሮች ትክክል ነበሩ ተብሎ ይጻፍልኝ።»

ሚሊ ያኔ ቀና አለ። ፈገግታ አልነበረም፤ ምሕረትም አልነበረም። ግን ያያት ዓይን ከጭምብል በላይ ያየችው ያው ዓይን ነበር። እርሷም ከአምስት ሳምንት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀድማ ዓይኗን ዝቅ አደረገች።

*

ሰኞ ሌላ ሰው ፕሮፌሰር ተባለ፤ የዳይሬክተሩን ንግግሮች ሲጽፍ የኖረ ሰው ነው፤ ከብሎን ጋር ተዋውቆም አያውቅ። መሐንዲሷ ከክንፉ ሥራ ኃላፊነት ተነሥታ የፈተና መዝጋቢ ሆነች። ሚሊ በቅጽ መጠየቅ ሲገባው በፖስታ በመጠየቁ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሰው፤ ሥራው ግን ተመለሰለት። እናቷ ደወሉ።

«ለአንድ ብረት ፋቂ ብለሽ ወንበርሽን?»

«አይደለም፣ እማዬ። ወንበሩ ቀድሞም የእኔ አልነበረም።»

«ምን አልሽ?»

«ሁለተኛ ብረት ፋቂ እንዳይሉት ነው ያልሁት።»

እናቷ ስልኩን ዘጉባት። ስልኩን እንደያዘች ቆየች፤ ያሳዘናት ግን የእናቷ መቆጣት ሳይሆን፣ ይህችን አጭር ቃል በዚያች እሑድ፣ በምሳው ጠረጴዛ ላይ ሊናገራት ይችል የነበረው አንደበቷ መዘግየቱ ነበር።

በሦስተኛው ሳምንት ከሰዓት በኋላ ክንፉ በአዲስ ቁጥር፣ በአዲስ ብሎኖች ጠረጴዛው ላይ ታሰረ። ንዝረቱ ከመጀመሩ በፊት ሚሊ መስመሮቹን አሰምሮ ጨረሰ። እርሷ መዝገቡን ታቅፋ ግድግዳ ተጠግታ ቆማለች። በሦስቱ ሳምንታት ከሥራ ቃል በቀር አልተለዋወጡም፤ ሁሉም በእርስዎ ነበር።

መነጽሯ አፍንጫዋ ላይ ተንሸራተተ። መለሰችው። ደግሞ ተንሸራተተ።

«አምጪው» አለ ሚሊ።

ስለ እርስዎው መቅረት ሁለቱም ምንም አላሉም። መነጽሩን አውልቃ ሰጠችው። ዓለም ነጭ ጭጋግ ሆነ። ወደ መብራቱ አንሥቶ ብሎኗን ሲያያት በጭጋጉ ውስጥ ታየዋለች።

«ጥርሷ ተበልቷል» አለ። «ባጠብቃትም አትይዝም። ሌላ ያስፈልጋታል።»

«የሚተካት ይገኛል?»

«ከገበያ አይገኝም። መቅረጽ ነው።» ብሎኗን በጥፍሩ ነካ አደረጋት። «ጊዜ ይወስዳል።»

«እጠብቃለሁ።»

«እንዳትቸኩዪ» አለ፤ ድምፁ ውስጥ አሮጌው ስላቅ ብልጭ ብሎ ጠፋ። «ፖስታ እንኳ ለመክፈት አራት ሳምንት የፈጀ ሰው፣ ለመነጽር መታገሥ አያቅተውም።»

ሊያስቃት ፈልጎ ነው ወይስ ሊወጋት? አላወቀችም። ሁለቱም እንደ ሆነ ግን ደረቷ ውስጥ ተሰማት፤ እዚያው፣ ሰው ሲወጋም ሲስቅም በሚነካው ስፍራ።

መነጽሩን ከላይ ኪሱ ውስጥ ከተተው። ጠረጴዛው መናወጥ ጀመረ። ሰባት ደቂቃ ሙሉ ክፍሉ ጮኸ፤ ጥርሷ ሳይቀር ነዘረ። ሲቆም ሚሊ መብራት ይዞ ከክንፉ ሥር ገባ። መዝጋቢ በደንቡ በዓይኗ አይታ መጻፍ አለባት። እርሷ ግን የምታየው ጭጋግ ነው፤ በጭጋጉ ውስጥም የእርሱን ድምፅ።

«አንድ፣ ሙሉ» አለ ሚሊ።

ጻፈች።

«ሁለት፣ ሙሉ።»

ጻፈች። መስመሩን ሳታይ፣ እንደገና ሳትጠይቀው፣ በእርሱ ቃል ብቻ እየጻፈች እስከ ሃያ አራት ደረሰች። ከዚያ ፈረመች፤ ከስሟ ጎንም «ያነበበው ባለሙያው ነው» ብላ ጨመረች።

ሃያ አራቱም መስመሮች ሙሉ ነበሩ።